ወይኑ ይተንፍስ ተባለ

ዛሬ ስለ ወይን ነው የማወራችሁ። «አንቺ ደግሞ ስለ ወይን ምን አውቀሽ ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ አልተሳሳታችሁም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስለ ወይን የማውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አክሱማይት እንደሚጣፍጥና ጉደር በኮካ እንደሚጠጣ። (ወይን አዋቂዎች ደም ግፊታችሁ እንዳይነሳ፤ ገና መጀመሪያው ነው።) መቱ ላይ ያየሁት አንድ ነገር ነው የማላነበውን እንዳነብ ያደረገኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መቱ የምትኖረው አክስቴ ልጇ ከመቱ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀችላትና ከአዲስ አበባ ተሰባስበን ወረድን። 600 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ጅማን፣ አጋሮን፣ በደሌን፣ ያዮን እያሉ። ከበደሌ በኋላ ጫካው ይመጣል፤ ከጫካው ሥር ደግሞ ቡናው። የያዮን የቡና ጫካ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት እንደመዘገበው ለመኪናው ሁሉ የነገረን አማቻችን ነው፤ የሌላዋ የአክስቴ ልጅ ባል። ይህን ሰው አሁን ልከሰው ስለሆነ አስቀድሜ ልመስክርለት፤ ደግ ነው፣ አንባቢ ነው፣ ብዙ አገር ዞሯል፣ ሲጋብዝ ሒሳብ አያይም። የምርቃቱን እራትም የጋበዘን እሱ ነው።

የሆቴሉን ስም ተዉት። ጠረጴዛው ረዥም ነው፤ አሥራ አንድ ሰው ነን። ጥብስ መጣ፣ ዶሮ መጣ፣ ቢራ መጣ። አማቻችን ግን «ለምርቃት ቢራ አይሆንም» አለና ደረቅ ቀይ ወይን አዘዘ፤ የአገር ውስጥ። አስተናጋጇ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ጠርሙሱን አምጥታ አሳየችው። ቡሹን እዚያው ፊታችን ሳትሰብረው ነቀለች። ወይን ለሚጠጡት አምስት ሰዎች ብርጭቆ ደርድራ እኩል እኩል ቀዳች። እኔ በልቤ ጎበዝ ብያታለሁ፤ ቤት ውስጥ ቡሽ በቢላዋ ወደ ውስጥ የምገፋ ሰው ነኝ።

«ምንድን ነው የምታደርጊው?» አለ አማቻችን። ድምፁን አላነሳም፤ ግን የጠረጴዛው ወሬ ሁሉ ቆመ።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ቀይ ወይን ተከፍቶ ወዲያው አይቀዳም። መተንፈስ አለበት፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት። ማን ነው ያሠለጠናችሁ? አሁን ይሄ ወይን ተበላሽቷል።»

ልጅቷ ብርጭቆዎቹን አየች፤ ጠርሙሱን አየች። «ይቅርታ ጋሼ» አለች።

«ይቅርታ ወይኑን አይመልሰውም። ይሄን አንሺና ሌላ አምጪ። ቡሹን ከፍተሽ እዚህ አስቀምጪው፤ ከዚያ እንዳትነኪው።» ወደ እኛ ዞረና «እንግዲህ ገጠር…» ብሎ ቀሪውን በትከሻው ጨረሰው።

ሁለተኛው ጠርሙስ መጣ። ተከፈተ። ጠረጴዛው መሐል ቆመ። እኛም ከብበነው ተቀመጥን። ጥብሱ ቀዘቀዘ፤ ሕፃናቱ እናቶቻቸው ላይ ተኙ። አንዱ አጎቴ «አሁን እየተነፈሰ ነው?» ብሎ ጆሮውን ወደ ጠርሙሱ ሲያስጠጋ ተመራቂዋ ሳቋን በናፕኪን አፈነች። ሰዓቱ ሲሞላ አማቻችን ራሱ ቀዳልን። ቀመስን። «አያችሁ ልዩነቱን?» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቅንቄያለሁ። ከምን እንደሚለይ ግን በምን አውቃለሁ? የመጀመሪያውን እኮ አልቀመስኩትም! ማንም አልቀመሰውም። ራሱ አማቻችንም አልቀመሰውም።

«ማስተንፈስ» የሚለውን ቃል እኔ የማውቀው በጎማ ነው። ጎማ ይተነፍሳል፤ ከዚያ ጎሚስታ ፍለጋ ይኬዳል። የተናደደ ሰውም ሲያወሩት ይተነፍሳል። ወይን ሲተነፍስ ምን ይሆናል? ጋዜጠኝነት ስማር ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ ሲሉን ነው የከረሙት። ያን ማታ አንዲት «ለምን?» ከአፌ አልወጣችም። አዲስ አበባ ተመልሼ ነው የጠየቅኩት፤ ያውም ሰውየውን ሳይሆን መጻሕፍትን። ፈሪ ነኝ፤ ምን ታደርጉኛላችሁ?

እውነት የሆነውን ላስቀድም። ወይን አየር ሲያገኝ ይለወጣል፤ ይህ ተረት አይደለም። ሉዊ ፓስተር፣ ያው የምናውቀው የወተቱ ፓስተር፣ እ.ኤ.አ. በ1866 ስለ ወይን አንድ ትልቅ ጥናት አሳትሞ ነበር። ወይንን ቀስ በቀስ የሚያበስለው ኦክስጅን መሆኑን አሳየ። ወይንን ወደ አቼቶ የሚለውጡት ደግሞ ያንኑ አየር የሚፈልጉ ተሕዋስያን ናቸው። እንግዲህ የሚያበስለውም የሚያበላሸውም ያው አንድ አየር ነው፤ ጥያቄው የመጠንና የጊዜ ነው።

ታሽጎ የቆየ ወይን አንዳንዴ ሲከፈት ደስ የማይል ሽታ ይኖረዋል፤ የተለኮሰ ክብሪት ወይም የተበላሸ እንቁላል ዓይነት። ከድኝ የሚመጣ ነገር ነው፤ ወይኑ ሲፈላ የሚፈጠር። አየር ሲነካው አብዛኛው በቶሎ ይበናል። ይህ አንዱ የመተንፈስ ጥቅም ነው፤ እውነተኛውም ይኸው ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ሌላው የሚነሳው ታኒን ነው። ታኒን ማለት ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚመጣ፣ ብዙ የቆየ ሻይ ስንጠጣ ምላስና ድዳችንን የሚያደርቀው ዓይነት ነገር ነው። «ሲተነፍስ ይለሰልሳል» የሚባለው እሱ ነው። ታኒን በበርሜልና በጠርሙስ ውስጥ በወራትና በዓመታት ይለሰልሳል። በአንድ ሰዓት ግን ይህን ያህል የሚሆነው ነገር የለም፤ ሽታው ሲፈታና ሲከፈት ምላሳችንም አብሮ የለሰለሰ ይመስለዋል።

ከዚያ ደግሞ አተላ አለ። አሥርና ሃያ ዓመት የቆየ ቀይ ወይን ከሥሩ ዝቃጭ ይሠራል። አንድ ቀን ያህል ቀጥ አድርገው ያቆሙትና ቀስ ብለው ወደ ሌላ ዕቃ ያጠሉታል፤ ዝቃጩ ጠርሙሱ ውስጥ ይቀራል። ጠላ ላጠለለ ሕዝብ ይህን ማብራራት ድፍረት ነው። ያ ዕቃ ዲካንተር ይባላል፤ ሆዱ የሰፋ የመስታወት ማሰሮ በሉት። ወይን በበርሜል ይሸጥ በነበረበት ዘመን የእንግሊዝ ባለጸጎች ገበታ ላይ የሚቀርበው በሱ ነበር። ሆዱ በመስፋቱ ወይኑ ብዙ አየር ያገኛል። ወይን ማስተንፈስ ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ይህ ነው።

አሁን የአማቻችንን ጠርሙስ አስቡት። መደበኛ የወይን ጠርሙስ አንገቱ ውስጥ ለውስጥ ሲለካ ሁለት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ያቺን አምስት ሳንቲም ታስታውሷት እንደሆን ከሷ ታንሳለች። ሦስት አራተኛ ሊትር ወይን አየር የሚያገኘው በዚያች ክብ በኩል ብቻ ነው፤ አንዱን አፍንጫ ይዞ በሌላው በገለባ እንደመተንፈስ። ወይን አዋቂዎች በብዙ ነገር ይጣላሉ፤ በዚህ ላይ ግን ይስማማሉ ማለት ይቻላል። ቡሽ ነቅሎ ጠርሙስ ማቆም ከምንም አይቆጠርም። ወይን አየር የሚያገኘው ሲቀዳ ነው፤ ከአንገቱ ወጥቶ ወደ ብርጭቆ ሲወርድ፣ ሲንቦጫረቅ፣ ከዚያም ብርጭቆው ውስጥ ተንጣሎ ሲቀመጥ።

ታዲያ ምን ማለት ነው? ልጅቷ አምስት ብርጭቆ ላይ ስትቀዳው ያ ወይን ያገኘው አየር፣ አማቻችን ሰዓት ሙሉ ዘብ ከቆመለት ጠርሙስ ይበልጣል። በራሱ በአማቻችን ሕግ ብንሄድ እንኳን ልክ የሠራችው እሷ ናት! እሱ የተነፈሰውን ወይን መልሶ ያልተነፈሰውን አዘዘ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

ለመሆኑ ያ ወይን መተንፈስስ ያስፈልገው ነበር? እዚህ ላይ አዋቂዎቹ ራሳቸው ሁለት ቦታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ያረፉት የቦርዶው ፕሮፌሰር ኤሚል ፔኖ፣ የዘመኑን የቦርዶ ወይን አሠራር ከለወጡት ሰዎች አንዱ፣ ወይንን አስቀድሞ ማናፈስ መዓዛውን ያባክነዋል ባይ ነበሩ። ዝቃጭ ካለው ልትጠጡት ስትሉ አጥልሉት፤ መጥፎ ሽታ ካለው አናፍሱት፤ ከዚያ ውጭ ብርጭቆው ውስጥ ይበቃዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ናታን ሚርቮልድ የሚባል የቀድሞ የማይክሮሶፍት ሰው አለ፤ ስለ ምግብ አሠራር ግዙፍ መጻሕፍት ያሳተመ። እሱ ወይኑን ጁስ መፍጫ ውስጥ ጨምራችሁ ለግማሽ ወይ ለአንድ ደቂቃ ፍጩት ይላል። ቀልድ አይደለም! እኔ አልሞከርኩትም፤ የቤታችን ጁስ መፍጫ ሁሌም አቮካዶ አቮካዶ ስለሚል።

ወጣትና ጠንካራ፣ ታኒኑ የበዛ ወይን፣ ዲካንተር ውስጥ ተገልብጦ ሲቆይ ብዙ ሰው እንደሚወደው አልክድም። ሆኖም እኛ አገር ሆቴል ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ወይን በአብዛኛው ቶሎ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። ጉደር፣ በአምቦ መንገድ ባለችው ከተማ ስም የተጠራው ደረቅ ቀይ፣ ከምግብ ጋር ወዲያው የሚጠጣ ነው። (መቱን በነቀምቴ በኩል የሄደ ሰው ከተማዋን መሐል ለመሐል ያልፋታል።) አክሱማይት ጣፋጭ ነው፤ ምኑ ነው የሚተነፍሰው? ካስቴል ከቦርዶ ባመጣቸው ተክሎች ዝዋይ ላይ ያለማው እርሻ እ.ኤ.አ. በ2014 ወይኑን ገበያ ላይ ሲያወጣ ብዙዎቻችን ሜርሎና ሲራ የሚሉ ቃላትን ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ተማርን። ቃሉን ስንማር ሥርዓቱም አብሮ መጣ። ፊልም ላይ ያየነው፣ ውጭ የኖረ ዘመድ የነገረን፣ ኢንተርኔት ላይ ያነበብነው፤ ሥርዓቱ መጣ፣ ምክንያቱ መንገድ ላይ ቀረ።

በነገራችን ላይ ለቀይ ወይን ከመተንፈስ ይልቅ ሙቀቱ ነው ቁም ነገሩ። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት» የሚለው ደንብ የመጣው ማሞቂያ ካልነበራቸው የአውሮፓ ቤቶች ነው፤ 16 እስከ 18 ዲግሪ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በገባበት ባር መደርደሪያ ላይ የዋለ ወይን ከዚያ ያልፋል፤ ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል። አሥራ አምስት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ ሰዓት ሙሉ ተከፍቶ ከሚቆም የበለጠ ይለወጣል። እንዲህ ብለን ብንጠይቃት ኖሮ ልጅቷ በደስታ ታደርገው ነበር።

ሌላም አለ። ወይን ሲከፈት ለጋባዡ መጀመሪያ ትንሽ ተቀድቶ የሚሰጠው ለክብር ብቻ አይደለም፤ እንዲያሸት ነው። ቡሹ የበከለው ወይን እንደ ረጠበ ካርቶን ይሸታል። አቼቶ የሆነውም ወዲያው ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ወይን መመለስ መብት ነው፤ የሚከፍለውም ሻጩ ነው። አማቻችን ብርጭቆውን አንስቶ አሽትቶ «ይሄ ተበላሽቷል» ቢል ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር። እሱ ግን አፍንጫውን አላስጠጋም። ወይኑ ተበላሽቷል ያለው በአየር ሳይሆን በሥርዓት ነው።

ይህን ሁሉ ያስነበበኝ በማግስቱ ጠዋት የሰማሁት ነገር ነው። የስልክ ቻርጀሬን ሆቴሉ ረስቼ ነበርና ልወስድ ሄድኩ። ያቺው ልጅ ናት የሰጠችኝ። ሌሊቱን አልተኛችም መሰለኝ፣ ዓይኗ ቀልቷል። «ትናንት አስቀየምናችሁ» አለችኝ። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ «ኧረ ምንም አይደለም፤ ወይኑ ምን ሆነ?» አልኳት። «በእኔ ተጻፈ።»

በእኔ ተጻፈ ማለት ከደሞዜ ይቆረጣል ማለት ነው፤ ሆቴል የሠራ ሰው ያውቀዋል። አንድ ጠርሙስ ወይን ደግሞ ከሳምንት ደሞዟ በላይ ነው።

እዚህ ላይ ሕጉን ልጥቀስ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው፣ አሠሪ ከሠራተኛ ደሞዝ ላይ እንዲሁ ብድግ ብሎ መቁረጥ አይችልም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ አይቆረጥም። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝ ሲሶ አይበልጥም። እንግዲህ የትኛው ደንብ ነው «እንግዳው ወይኑ አልተነፈሰም ካለ አስተናጋጅ ትክፈል» የሚለው? ቢኖርስ፣ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ልጅቷን ጠየቅኳት፤ የፈረመችው ነገር የለም። ደንብ የሚባል ነገርም አላየችም። ሲቀጥሯት የቡሽ መክፈቻ ሰጥተዋት «ሰባራ ብርጭቆ በአንቺ ነው» ብለዋታል፤ ሥልጠናው ይኸው ነው። የቀረውን የምትማረው ከእንግዳ ቁጣ ነው። አንዱ ይተንፍስ ይላል። ሌላው ቀዝቅዞ ይምጣ ይላል። ሦስተኛው ለምን በረዶ አላመጣሽም ይላል። ሁሉም እርግጠኛ ነው፤ ሁሉም ከአዲስ አበባ ነው።

«ገጠር» ያለው ነገርም ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኛል። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጎሬ አለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዚህ አገር ቡና በጋምቤላ፣ በባሮ ወንዝ ላይ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ሲጓዝ የንግዱ ማዕከል ጎሬ ነበረች። የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1936 ከአገር ሲወጡም ጊዜያዊው መንግሥት የተቀመጠው እዚያው ነው። የውጭ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ ያየ አገር ነው። ይህን የምለው መቱን ከተማ መሆኗን ለማስመስከር አይደለም፤ ገጠርም ብትሆን ሰው አይሰደብባትም። ብቻ ያች ልጅ አላወቀችም ከተባለ ያላወቀችውን እንኳን እኛም አናውቀውም ነበር ለማለት ነው።

የዚያኑ ጠዋት አክስቴ ቤት ቡና ተፈላ። ወደ ሶር ፏፏቴ ልንሄድ ቀጠሮ ይዘናል፤ አማቻችን ካሜራውን አንግቷል። ጀበናው ከእሳት ወርዶ ማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ ተቀምጧል። «እትዬ፣ ረፈደብን እኮ፤ አይቀዳም?» አለ።

«ሱታ!» አለች አክስቴ። «ሱታ ልጄ። ይስከን።»

እና ጠበቅን። ይህን መጠበቅ ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም፤ ምክንያቱ ሲኒው ላይ ይታያላ! ያልሰከነ ቡና አተላው ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ የሰከነው ጥርት ብሎ ይወርዳል። ካልታመነ አንድ ሲኒ ቀድቶ ማየት ነው። ጠጅ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ኢሉባቦር የማር አገር ነው፤ ቀፎው ረዣዥም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ጠጁም በዚያው ልክ ነው። አክስቴ የጣለችውን ጠጅ አፉን ጥብቅ አድርጋ ነው የምታስረው፤ ነፋስ ከገባበት ይኮመጥጣል ትላለች፤ ፓስተርን ሳታነብ። ብርሌን ልብ ብላችሁ አይታችኋታል? ሆዷ እንደ ዲካንተር ነው፤ ግን እስከ አንገቷ ነው የምትሞላው፤ አየር የሚነካት በዚያች ጠባብ አንገት በኩል ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ቅርጽ፣ ተቃራኒ ሥራ። አክስቴን «ጠጅሽ አልተነፈሰም» የሚል ሰው ቢመጣ ምን እንደምትለው አስባለሁ፤ እዚህ ግን አይጻፍም።

ሁለተኛው ሲኒ ላይ ለአማቻችን ነገርኩት። ስለ ወይኑ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ስለ ወይኑ ገና ምንም አላውቅም። «የትናንቷን ልጅ ከደሞዟ ሊቆርጡባት ነው» ብቻ አልኩት። ሲኒውን አስቀመጠ። ቀላ። «በእሷ? ለምን በእሷ? እኔ እኮ ሁለቱንም ጠርሙስ ሒሳብ ውስጥ ያስገቡት መስሎኝ…» ጀበናው በረካ ሳይደርስ ተነሳ። አልኳችሁ እኮ፤ ደግ ሰው ነው።

መኪና ውስጥ ገብተን የሆቴሉ በር ልንደርስ ስንል «ግን ወይኑ መተንፈስ ነበረበት» አለ። መልስ አልነበረኝም። መልሴ ይኸው ዛሬ ደረሰ፤ ያነበዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ካነበበ በኋላ እራት ይጋብዘኝ አይጋብዘኝ እናያለን።

ሒሳቡን ከፈለ። ኃላፊውን አስጠርቶ ከልጅቷ ስም ላይ ሲሰረዝ ዓይኑ እያየ አሰረዘ። ልጅቷ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች። እሱ ምን እንደሚል ጠፋውና ቆመ፤ ከዚያ «ለመሆኑ ያን የመጀመሪያውን ጠርሙስ ምን አደረጋችሁት?» አላት።

«ማታ ከወጥ ቤት ልጆች ጋር ጠጣነው ጋሼ። በእኔ ተጽፎ የለ?»

«እንዴት ነበር?»

ልጅቷ ወደ እኔ አየች፤ ወደ እሱ አየች። «ኮካ ጨመርንበት» አለች።